የመጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ እንዴት የሰብዓዊ መብት ሥራ ይሆናል?

ስደተኞች ካምፕ ውስጥ አንድ አናጺ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ መቀርቀሪያ ይገጥማል። ከውስጥ የሚዘጋ። በማግስቱ ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ይተከላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ሥራውን ያሠራው የእርዳታ ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱን ሲጽፍ ግን ይህንን ሥራ «የመብት ጥበቃ» ከሚለው ርዕስ ሥር ያስገባዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግር ይለዋል። ሰብዓዊ መብት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ፍርድ ቤት ነው፣ ሰላማዊ ሰልፍ ነው፣ ጠንከር ያለ መግለጫ ነው። ካምፕ ሲባል ደግሞ ድንኳን፣ የዱቄት ጆንያና ረጅም ወረፋ። ሁለቱ የት እንደሚገናኙ ብዙም አይታየንም። ለዚህም ነው «መጀመሪያ ይብሉ፣ መብቱ ይደርሳል» የሚለው ነገር በየቦታው የሚሰማው።

ነገሩን አሁን ማንሳት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2025 አሜሪካና ሌሎች ትልልቅ ለጋሾች የውጭ እርዳታ በጀታቸውን ቀነሱ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ማለትም ዩኤንኤችሲአር፣ በዚያው ዓመት ወደ 3,500 የሚጠጉ የሥራ መደቦችን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በጀት ሲጠብ ዱቄትና መድኃኒት ቢያንስ ተከራካሪ አያጡም። ጠበቃው፣ አስተርጓሚዋ፣ አቤቱታ የምትቀበለው ሠራተኛ ግን እንደ ቅንጦት ይታያሉ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ስደተኛ የሚባለው ማን ነው?

በወሬ ላይ ሁሉንም ስደተኛ እንላቸዋለን። ሕጉ ግን ይለያያቸዋል።

በ1951 ጄኔቫ ላይ የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ እሳደዳለሁ የሚል በቂ ፍርሃት ይዞት ከአገሩ ወጥቶ መመለስ ያልቻለን ሰው ነው። ስምምነቱ መጀመሪያ ሲጻፍ ከ1951 በፊት በሆነ ነገር ለተሰደዱ ሰዎች ብቻ ነበር። ይህ የጊዜ አጥር የተነሳው በ1967 በወጣ ፕሮቶኮል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ የራሱን ስምምነት አወጣና ትርጉሙን አሰፋው። በጦርነት፣ በውጭ ወረራ ወይም የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ባናጋ ነገር የተነሳ የሸሸም ስደተኛ ነው አለ። ትልቅ ለውጥ ነው። ቦምብ ሲወድቅ የሸሸች እናት «አንቺን ለይቶ የሚያሳድድ ማን ነበር?» ተብላ መጠየቋ ይቀራል ማለት ነው።

ጥገኝነት ጠያቂ የሚባለው ማመልከቻ አስገብቶ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ነው። ተፈናቃይ ደግሞ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፣ ድንበር ግን አልተሻገረም። ስለዚህ ኃላፊነቱ የራሱ መንግሥት ነው። በ2024 መጨረሻ ሁሉም አንድ ላይ ሲቆጠሩ በዓለም ላይ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ልብ በሉ፣ አብዛኞቹ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ አይኖሩም። ከተማ ውስጥ ተከራይተው፣ ዘመድ ጋ ተጠግተው ነው የሚኖሩት። ካምፕ ጎልቶ የሚታየን ካሜራ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ ነው።

መብት ነው ወይስ እርዳታ?

ዝናብ ሲይዝህ ጎረቤትህ ጃንጥላ ቢያውስህ ውለታ ነው። ባይሰጥህ አትከሰውም። የተከራየኸው ቤት ጣራ ሲያፈስ ግን አከራይህ ቢጠግንልህ ውለታ አልዋለልህም፣ ውል ስላለ ነው። ካልጠገነ የምትጠይቅበት ቦታ አለህ። እርዳታና መብት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ ያው ዱቄት ሊሆን ይችላል፣ የተቀባዩ አቋቋም ግን ይለያል።

ውሉ ምን ይላል? የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 33 ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስ ይከለክላል። የቀረው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 31 ያለ ፈቃድ ድንበር አቋርጦ የመጣ ስደተኛ ሳይዘገይ ቀርቦ ምክንያቱን ካስረዳ ያለ ፈቃድ በመግባቱ እንዳይቀጣ ይላል። አንቀጽ 16 ፍርድ ቤት የመሄድ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 22 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት የስደተኛ ልጅ ከአገሬው ልጅ እኩል እንዲታይ ያዛል። ስለ ሥራ፣ ስለ መንቀሳቀስ፣ ስለ መታወቂያ ወረቀትም አንቀጾች አሉ።

ይህንን ሁሉ የመፈጸም ግዴታ ያለበት ተቀባዩ አገር መንግሥት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካምፑ ላይ ሰማያዊ ባንዲራ ስለሚውለበለብና መኪኖቹ ነጭ ስለሆኑ ቦታው የዩኤን ግዛት ይመስላል። አይደለም። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ሕጉም የዚያው አገር፣ ፖሊሱም የዚያው አገር ነው። ድርጅቱ አከራዩ አይደለም። ውሉን የሚያውቅ፣ መሀል የቆመ፣ ጣራው እስኪጠገን ድረስ ላስቲክ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው ቢባል ይቀርባል።

ዩኤንኤችሲአር ራሱ የተቋቋመው በ1950 መጨረሻ ሲሆን ዕድሜው 3 ዓመት እንዲሆን ነበር የታሰበው። በ3 ዓመት ችግሩን ጨርሶ ሊዘጋ። አልሆነም፣ እየታደሰ ቀጠለ፣ በ2003 ጠቅላላ ጉባኤው የጊዜ ገደቡን ጭራሹን አነሳው።

ያልፈረመ አገርስ? ብዙ ስደተኞች የተቀበሉት ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስ፣ ፓኪስታንና ባንግላዴሽ የ1951ዱን ስምምነት አልፈረሙም። እዚያ ድርጅቶቹ ሌላ በር ያንኳኳሉ። ማሠቃየትን የሚከለክለው ስምምነትም ሰውን ወደሚሠቃይበት አገር መመለስ አይፈቅድም፣ የሕፃናት መብት ስምምነት ደግሞ ልጁ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

ፖሊስ የላቸው፣ ዳኛ የላቸው፤ ታዲያ በምን ያስከብራሉ?

በአብዛኛው በወረቀት።

እንደ ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። ድንበር አቋርጦ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይመዘገባል። ስሙ፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሸሸ፣ ብቻውን የመጣ ልጅ ይኑር አይኑር። ከዚያ ወረቀት ይሰጠዋል። ያቺ ወረቀት ራሽን ማውጫ ብቻ አይደለችም። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመው «ሕገወጥ» ተብሎ ተጭኖ እንዳይመለስ የምታደርገው እሷ ነች። ካምፕ ውስጥ ለተወለደ ልጅ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት አለ። ዕድሜዋ በወረቀት ያልታወቀች ልጅ 13 ዓመቷም ሆነ 18 ዓመቷ በሚዳራት ሰው ፊት አንድ ነው። ዕድሜው ያልተጻፈ ወንድ ልጅም መሣሪያ ለሚያስይዘው ሰው «ትልቅ» ነው። ወረቀቱ ብቻውን አያድንም። ያለ እሱ ግን የሚከራከርላቸው ሰው ምንም የሚይዘው ነገር የለም።

ሁለተኛው መሣሪያ መገኘት ነው። የሕግና የጥበቃ ሠራተኞች ድንበር ላይ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ እስር ቤት ይሄዳሉ። ማን እንደታሰረ፣ ለምን እንደታሰረ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። አያስፈቱም፣ ሥልጣኑ የላቸውም። ግን ስሙ የተጻፈ እስረኛና ማንም የማያውቀው እስረኛ ዕጣቸው አንድ አይደለም።

ሦስተኛው ጠበቃ ነው። እንደ ኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት ያሉ ድርጅቶች በየአገሩ የሕግ ምክርና ድጋፍ የሚሰጡ ክፍሎች አሏቸው። ሥራቸው ብዙ ጊዜ አሰልቺ ነው። የጠፋ ጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የደመወዝ ክርክር፣ የባል ስም ላይ ብቻ የተሠራ የራሽን ካርድ። ይህ የመጨረሻው ትንሽ አይምሰላችሁ። ካርዱ በእሱ ስም ብቻ ከሆነ የሚደበድባትን ባል ጥላ የምትሄድ ሴት የልጆቿንም ቀለብ ጥላ ነው የምትሄደው። ካርዱን ለሁለት መክፈል የአንድ ፀሐፊ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ለእሷ ግን ከቤት መውጫ በር ነው።

አንዳንዴ ጉዳዩ ከካምፕ ወጥቶ ዋናው ፍርድ ቤት ይደርሳል። የኬንያ መንግሥት በ2012 መጨረሻ ላይ ከተማ ያሉ ስደተኞች ሁሉ ወደ ካምፕ እንዲገቡ አዘዘ። ኪቱኦ ቻ ሼሪያ የሚባል የአገሪቱ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ጉዳዩን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ2013 ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን ሻረ። በ2016 ደግሞ መንግሥት ዳዳብ ካምፕን እዘጋለሁ ሲል ይኸው ድርጅት ከአገሪቱ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ጋር ሆኖ ተከራከረ፣ በየካቲት 2017 ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ተባለ። ያሸነፉት የውጭ ድርጅቶች አልነበሩም። የአገሩን ሕግ የሚያውቁ የአገሩ ሰዎች ናቸው።

የማገዶው ነገር

ዳዳብን ካነሳን አይቀር፣ አንድ ታሪክ ልጨምር። መብት ማስጠበቅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ዳዳብ ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ውስጥ ነው። የተከፈተው በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ነው። ሦስቱ የመጀመሪያ ካምፖች ለ90,000 ሰው ነበር የታሰቡት። ከ2011ዱ ድርቅ በኋላ ነዋሪው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተጠጋ። በ1990ዎቹ ራሽን ይሰፈር ነበር፣ ግን የሚበስልበት እንጨት አይሰፈርም። ስለዚህ ሴቶች ማገዶ ለመልቀም ከካምፑ ርቀው ጫካ ይገባሉ። ጫካው ውስጥ ሽፍቶች አሉ። የሆነው ይገባችኋል።

በ1998 ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ለየቤቱ ማገዶ ማደል ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጫካ ካልሄዱ አይደፈሩም። በኋላ ውጤቱ ሲጠና ማገዶ በሚለቀምበት ጊዜ የሚደርሰው መደፈር በእርግጥ ቀንሶ ተገኘ። በሌላ ቦታና በሌላ ሰዓት የሚደርሰው ግን ጨምሮ ነበር።

ለምን? ማገዶው አጋጣሚ እንጂ ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱ የታጠቀ ሰው እንደ ልቡ መመላለሱ፣ በቂ ፖሊስ አለመኖሩ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ማንም እንደማይጠየቅ መታወቁ ነበር። በዩኤንኤችሲአር ድጋፍ ተንቀሳቃሽ ችሎት ወደ ካምፕ እንዲመጣ መደረጉ የዚህ መልስ አካል ነው። ዳኛው ወደ ካምፕ ይመጣል እንጂ ተበዳይዋ ሩቅ ከተማ ድረስ በምን ትሄዳለች፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድስ ማን ይሰጣታል።

ይህም ቢሆን መጨረሻ አይደለም። ብዙ ካምፖች ውስጥ የመጀመሪያው ዳኛ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ፈጣን ነው፣ ቋንቋው ይገባል፣ ሰላም ያወርዳል። የአህያ ጠብ ሲሆን ከእሱ የተሻለ የለም። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ሲሆን ግን ካሣው ለአባት ይከፈልና ነገሩ ይዘጋል። ድርጅቶቹ ሽማግሌውን ንቀው ቢያልፉት ማንም አይሰማቸውም፣ እንዳለ ቢተዉት ልጅቷ ትጠፋለች። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ሥልጠና ይሰጣሉ፣ የትኛው ጉዳይ በእርቅ የትኛው በፍርድ ቤት ብቻ መታየት እንዳለበት ይነጋገራሉ፣ ሴቶች ሸንጎው ላይ እንዲቀመጡ ይወተውታሉ። ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ፎቶ የሚነሳለት ነገር የለውም።

15 ሊትር ውሃ ከየት መጣ?

ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ። የውሃ ነጥቡ ከ500 ሜትር ባልራቀ ቦታ። በአንድ ቧንቧ ከ250 ሰው ያልበለጠ። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ከውስጥ የሚዘጋ። ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ቦታ።

እነዚህ ቁጥሮች ስፊር ከሚባለው የእርዳታ መለኪያ የመጡ ናቸው፣ መለኪያው ደግሞ ከአንድ ትልቅ ውድቀት በኋላ የመጣ ነው። በሐምሌ 1994 ከሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ እጅግ ብዙ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንበር ተሻግሮ ያኔ ዛየር ትባል በነበረችው በዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ጎማ ከተማ ዙሪያ ሰፈረ። ኮሌራ ገባ። በመጀመሪያው ወር ብቻ 50,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ድርጅት አልጠፋም ነበር፤ በብዛት ነበሩ። ግን እያንዳንዱ እንደመሰለው ይሠራል፣ ምን ያህል በቂ እንደሆነ የተስማሙበት ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ረድኤት ድርጅቶችና የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ቤተሰቦች በ1997 ስፊርን ጀመሩ። መነሻው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ አደጋ የደረሰበት ሰው በክብር የመኖር መብት አለው፣ ስለዚህም እርዳታ የማግኘት መብት አለው።

ቁጥሩ ለስደተኛው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ውሃ አነሰን» ማለት ልመና ነው። «15 ሊትር መሆን ሲገባው 8 ነው የሚደርሰን» ማለት ግን ክርክር ነው።

ድርጅቱ ራሱ ሲበድልስ?

ይበድላል። ማለባበስ አያስፈልግም።

በ2002 ዩኤንኤችሲአርና የእንግሊዙ ሴቭ ዘ ችልድረን በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ያስጠኑት ጥናት ይፋ ሆነ። የእርዳታ ሠራተኞች በምግብና በዕቃ እየለወጡ ልጃገረዶችን ለወሲብ ይጠቀሙባቸው እንደነበር የሚገልጽ ነበር። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ደንብ አወጡ። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር የሚደረግ ማንኛውም ወሲብ ተከለከለ፣ የአገሩ ሕግ ምንም ይበል። ገንዘብን፣ ሥራን ወይም እርዳታን በወሲብ መለወጥም እንዲሁ።

ደንብ ማውጣት ቀላሉ ነው። ከባዱ አቤቱታ ማግኘት ነው። ያጎረሰን እጅ ማን ይነክሳል? ስምህን ከዝርዝር ሊያወጣ የሚችል ሰው ላይ ክሰስ ብትባል ሁለቴ ታስባለህ። ድርጅቶች ለብዙ ጊዜ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ይሰቅሉ ነበር፣ አንዳንዴም የሚከሰሰው ሰውዬ ቢሮ በር ላይ። መጻፍ የማይችል ሰው ሳጥን ምን ያደርግለታል? አሁን የተሻለው አሠራር ብዙ በር መክፈት ነው። ነፃ የስልክ መስመር፣ ሴት ሠራተኛ የምትቀመጥበት የአቤቱታ ጠረጴዛ፣ በየቋንቋው የሚነገር መልስ፣ ከካምፑ ኃላፊዎች ውጭ የሆነ መርማሪ። እና አንድ የሚረሳ ነገር፦ መልሱ። አቤት ብሎ ምንም ያልሰማ ሰው ሁለተኛ አይመጣም፣ ጎረቤቱም እንዲመጣ አይመክርም።

አሻራና የዓይን ብሌን ለምን ይወሰዳል?

ድርብ ምዝገባን ለመከላከልና ካርድ የጠፋበት ሰው ማንነቱን በቀላሉ እንዲያረጋግጥ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዮርዳኖስ ውስጥ የሶሪያ ስደተኞች ዓይናቸውን ለካሜራ አሳይተው ገንዘብ ያወጣሉ።

አደጋው ደግሞ መረጃው የት ይደርሳል የሚለው ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2021 ባወጣው ሪፖርት ዩኤንኤችሲአር ባንግላዴሽ ውስጥ የሰበሰበው ከሚያንማር የሸሹ የሮሂንጋ ስደተኞች መረጃ፣ ስደተኞቹ በቅጡ ሳያውቁ፣ ለባንግላዴሽ መንግሥት ተሰጥቶ ከዚያም ወደ ሚያንማር እንደተላለፈ ገለጸ። ወደሸሹት መንግሥት ማለት ነው። ዩኤንኤችሲአር በበኩሉ ዓላማውን አስረድቼ ፈቃድ ጠይቄያለሁ ብሏል። ክርክሩ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። ራሽን ለማግኘት የሚሰለፍ ሰው «እስማማለሁ» ሲል አልስማማም ማለት ይችል ነበር ወይ?

ለምን ጮክ ብለው አይናገሩም?

ይህ ጥያቄ ድርጅቶቹን ውስጥ ውስጡን የሚበላቸው ነው። መንግሥት ስደተኞችን ሲያንገላታ እያዩ ለምን ዝም ይላሉ?

ፈቃዳቸው በመንግሥት እጅ ስለሆነ። በመጋቢት 2009 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር ላይ የመያዣ ትእዛዝ ሲያወጣ ሱዳን ወዲያው 13 ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶችን አባረረች። ብዙዎቹ የዳርፉር ተፈናቃዮችን የሚያክሙና የሚያበሉ ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ድርጅት የሚመርጠው በር ዘግቶ ከባለሥልጣን ጋር መነጋገርን ነው። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አሠራሩ በአብዛኛው እንዲህ ነው። የሚያየውን በምስጢር ይናገራል፣ በዚያ ምክንያት ሌላው የማይገባበት እስር ቤት ይገባል።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች ደግሞ ያየነውን መመስከር የሥራችን አካል ነው ይላሉ። ጎማ ላይ ይህ እስከ ጥጉ ተፈትኗል። ካምፖቹን በእርግጥ የሚገዙት የዘር ጭፍጨፋውን የፈጸሙት ሰዎች ነበሩ። እርዳታውን እየቀረጡ ይታጠቁበታል፣ መመለስ የሚፈልገውን ስደተኛ ያስፈራራሉ፣ ይገድላሉ። በኅዳር 1994 የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ጥሎ ወጣ። ሌሎች ቀሩ። የወጣው «ገዳይ አልቀልብም» አለ፣ የቀረው «ሕፃኑ ምን አጠፋ» አለ። እኔ እስከ ዛሬ ማን ልክ እንደነበር እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም፣ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው።

ካምፑ ራሱስ?

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ነገር አለ። ካምፕ ውስጥ መብት ማስጠበቅ እያልን እናወራለን፣ ግን ብዙ ካምፖች ሰው ያለ ፈቃድ የማይወጣባቸው፣ በሕግ ሥራ የማይሠራባቸው ቦታዎች ናቸው። አጥር ውስጥ አስቀምጦ ስለ መብት ማስተማር ትንሽ ያስቃል። ዩኤንኤችሲአር ራሱ በ2014 ባወጣው ፖሊሲ ካምፕ በተቻለ መጠን እንዲቀርና ስደተኛው ከአገሬው ጋር ተቀላቅሎ የሚኖርበት መንገድ እንዲፈለግ ብሏል። ዩጋንዳ የ2006 ሕጓ ለስደተኛ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ይሰጣል፣ የሰፈራ ጣቢያ ውስጥ ላሉትም ቁራሽ መሬት ይሰጣቸዋል። ኢትዮጵያም በ2019 ባወጣችው አዋጅ በወረቀት ደረጃ ወደዚህ ሄዳለች።

ሥራ የመሥራት መብት ከሌሎቹ ሁሉ ጋር የተያያዘው ለምን እንደሆነ ለማየት የባንግላዴሹን ካምፕ ማየት ይበቃል። ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች ገብተውበታል። ወጥተው በሕጋዊ መንገድ መሥራት አይፈቀድላቸውም። በ2023 የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ሲያጥረው ለአንድ ሰው በወር የሚሰጠው ቀለብ ከ12 ዶላር ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 8 ዶላር ወረደ። መሥራት የሚችል ሰው ቢሆን ቀሪውን ሠርቶ ይሞላል። እነሱ ግን በምን ይሙሉት?

ሪሴትልመንት መብት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውና ብዙ አጭበርባሪ የሚበላበት ጉዳይ ስለሆነ ለይቼ ላንሳው። ጥገኝነት መጠየቅ መብት ነው። ሪሴትልመንት፣ ማለትም ከተጠለሉበት አገር ወደ ሦስተኛ አገር ሄዶ መኖር፣ ግን ተቀባዩ አገር ከፈቀደ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ዩኤንኤችሲአር ሰው ያቀርባል፣ የሚወስነው አገሩ ነው። ዕድሉን በየዓመቱ የሚያገኘው ከዓለም ስደተኞች 1 በመቶ አይሞላም። የሚቀርቡትም በካምፕ ቆይታ ርዝመት ሳይሆን በአደጋቸው ክብደት ነው። ለምሳሌ እዚያው ካምፕ ውስጥ ሕይወቱ የሚያሰጋው፣ ሕክምና የማያገኝ በሽተኛ፣ ጥቃት የደረሰባት ሴት።

ምዝገባው፣ ቃለ መጠይቁ፣ ፎርሙ፣ «ኬዝ» የሚባለው ነገር ሁሉ ነፃ ነው። አንዱም አይከፈልበትም። «ኬዝህን አስቀድምልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የጠየቀ ሰው፣ የድርጅቱን መታወቂያ አንገቱ ላይ ቢያንጠለጥልም፣ እያታለለ ወይም እየሰረቀ ነው። ካምፑ ውስጥ ያለውን ቢሮ የማያምን ሰው ጥቆማውን በቀጥታ ለዩኤንኤችሲአር የዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ መላክ ይችላል። ስሙን ሳይጠቅስም ይሆናል።